ማሽኑ የቆመባቸው ቀኖች

እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ። ከጥሊሊ የመጣ ማር ስገዛ በጣቴ ቀምሼ አልረካም፤ ክብሪት ነክሬ ይለኮስ እንደሆነ እሞክራለሁ። ሚኒባስ ስሳፈር ጎማውን ዞሬ ሳላይ አልገባም። ባለቤቴ "አንተ እኮ ጸበል ሲረጩህ እንኳ ከየት ተቀዳ ብለህ ትጠይቃለህ" ትለኛለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ለልጆቹ የምደጋግምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ምክንያት የሌለው ነገር የለም እላቸዋለሁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ክፉ አመሌ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ምክንያት ስፈልግ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛችው ባለቤቴ ናት። ሥራዋ ዳንግላ ነው፤ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ማታ እንጅባራ ትመለሳለች። ማሽኑ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ጣራ ላይ በፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ። ነጭ፣ ከላይ የሚከፈት፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ። ሰዎቹ አውርደው ሳይጨርሱ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን በባትሪ አየሁት። ከታች አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። "ይህ ማሽን ሰው የተገለገለበት ነው" አልሁ። ባለቤቴ እጅጌዬን አየችና "ያንተው ናት፤ አሁን ጎንበስ ስትል ወደቀች" አለች። እውነትም ከእጅጌዬ ላይ አንዲት ቁልፍ ጎድላለች። ቢሆንም አላመንሁም፤ ቁልፏን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኋት።

የኋላ በረንዳ ላይ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አቆምነው። የማሽኑ ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፤ የእኛ ቤት ሶኬት ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መሃል ላይ አዳፕተር ገባ፤ እንቁላል የምታህል ነጭ ነገር። ይህችን አዳፕተር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣብኛለች።

በዚያ በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከገጠር አምጥተን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የአዊ ልጅ ናት፤ አባቴ ግን የዳንግላ ሰው፣ አዊኛ የማይሰማ ነበርና ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። እኔም ከአዊኛ የማውቀው የገበያውን ያህል ነው፤ የድንች ዋጋ ልጠይቅበት እችላለሁ፣ ሰው ሲያማኝ ግን አይገባኝም።

ሌላዋ ደግሞ ልብስ የምታጥብልን ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እኔ እታለም እላታለሁ፣ እሷ መምህር ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእኛን ቤት ልብስ በእጇ አጥባለች። የጠዋትን የእንጅባራ ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጥንት ድረስ ይገባል። እሷ እጇን እዚያ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትውል አንድ ቀን ስታማርር ሰምቼ አላውቅም። ከእኛ ሌላ የጎረቤታችንንና የአንድ ሌላ ቤት ልብስ ታጥባለች፤ የምትተዳደረው በእነዚህ በሦስት ቤቶች ነው። ማሽኑ የመጣ ዕለት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችውና "እንግዲህ እኔስ?" አለች። ባለቤቴ "አንቺማ እዚሁ ነሽ፤ ማሽኑን ትጫኚዋለሽ፣ ልብሱን ታሰጪዋለሽ፣ ታጥፊዋለሽ፤ ክፍያሽም ያው ነው" አለቻት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። እኔ ግን በልቤ መዘገብሁት። ሥራዋን ሊቀማት የመጣ ዕቃ ፊት ለፊቷ ተገትሮ ሳለ የትኛዋ ሴት ነች ከልቧ የምትወደው ብዬ አሰብሁ።

ድሮ በእጅ በሚታጠብበት ጊዜ አንዳንዴ "ነገ አይመቸኝም፤ ከነገ ወዲያ ልምጣ" ትል ነበር። እኛም እሺ እንላለን። ማሽኑ ሲመጣ እኔ ሥርዓት አበጀሁ። "ከእንግዲህ ማክሰኞና ዓርብ፤ ቀን ማቀያየር የለም። የሚያጥበው ማሽኑ ነው፣ አንቺ ምን ትደክሚያለሽ?" አልኋት። እናቴ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አንስታብኝ ነበር፤ "እማዬ፣ ይህ የገጠር ነገር ነው" ብዬ ስቄ አለፍሁት።

ማሽኑ ሁለት ሳምንት በደህና ሠራ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ለምሳ ስመጣ በረንዳው ጸጥ ብሏል። ክዳኑን ከፈትሁት። ውሃው አረፋ እንደያዘ እስከ ግማሽ ቆሟል፣ የልጆቼ ዩኒፎርም ውስጡ ተዘፍዝፏል፣ የማሽኑ መብራቶች ጠፍተዋል። ስፒናው ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው።

"ምን ሆነ?" አልሁ።

"ቆመ" አለች እታለም።

"መቼ ነው የቆመው?"

"ትንሽ ሠራና ቆመ።" ይህን ስትል መሬት መሬት ታያለች።

አስነሣሁት፤ ተነሣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አጠበ፣ ውሃውን ደፋ፣ ጨመቀ። ምንም አልሆነም። መብራት ጠፍቶ የመጣ ነው ብዬ ተውሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሁንም ማክሰኞ፣ እንደዚያው ሆነ። ያን ጊዜ እናቴን "ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። ሬዲዮዋ ሙሉ ጠዋት ሲያወራ እንደዋለ ነገረችኝ። እንግዲህ መብራቱ አልጠፋም። ማሽኑ ብቻውን ነው የቆመው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር የማስታውሰው በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ስትነሣ የምታገኘኝ ከማሽኑ ኋላ ነው፤ አፌ ላይ ብሎን ነክሼ፣ ካቻቪቴ ይዤ። በመጀመሪያ ውሃ የሚገባበትን ጎማ ፈታሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት በቀይ ጭቃ ተደፍናለች፤ በጥርስ ብሩሽ አጠብኋት። "አገኘሁት" አልሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውሃ ስላልመጣ ልብስ አልታጠበም። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ ማሽኑ ቆመ። ቀጥዬ ውኃልክ ከጎረቤት ግንበኛ ተዋስሁና ማሽኑ ላይ አስቀመጥሁ፤ ወለላችን ያዘነበለ ነው፤ ማሽኑም አዘንብሏል። ጋቢ ሲገባበት በአንድ ወገን ይከብድበትና ይቆማል ብዬ ከአንደኛው እግር ሥር እንጨት አስገባሁ፤ ውኃልኩ መሃል ላይ ቆመ። በሳምንቱ ማክሰኞ ማሽኑም ቆመ። ከታች በኩል ውሃ የሚደፋበትን ማጥለያ ከፈትሁ፤ የጋቢ ክር ተድበልብሎ ወጣ፣ ከእሱ ጋር አንዲት የፀጉር ሽቦ። አጸዳሁት። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለበት ይሆናል ብዬ ስታቢላይዘር ገዛሁ። አንድ ዓርብ አሁንም ቆመ። ጥገና በጨረስሁ ቁጥር አስነስቼ ስሞክረው ማሽኑ እንደ ልጅ ይታዘዘኛል፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ይቆማል።

በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ቴሌቪዥንና ምድጃ የሚጠግን ሰው አመጣሁ። ከመምጣቱ በፊት የማሽኑን ዕቃዎች በሙሉ አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግሁባቸው፤ አዲሱን አውጥቶ አሮጌ እንዳይተካብኝ ነው። ሰውዬው የኋላውን ክዳን ከፍቶ ቀዩን ነጥብ ሲያይ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። በቴስተር ነካካ፣ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ውሃ ሞልቶ አሽከረከረው። የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ትንሽ ላልቷል ብሎ አጠበቀው። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ "መምህር፣ ይህ ማሽን ጤነኛ ነው። ቤተሰቡን ጠይቅ" አለኝ።

ቤተሰቡን ጠይቅ። ያች ቃል ነች ያጠፋችኝ።

ደብተር ጀመርሁ። ማሽኑ የቆመበትን ቀን፣ ምን ላይ እንደቆመ፣ ቤት ማን እንደነበረ። ማክሰኞ፤ ማጠብ ላይ፤ እታለም። ማክሰኞ፤ ማለቅለቅ ላይ፤ እታለም። ዓርብ፤ ማጠብ ላይ፤ እታለም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ባለቤቴ ዳንግላ ናት፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። እናቴን አልጻፍኋትም። እናቴን ማን ይጽፋል? ቤት ውስጥ ግድግዳ ነበረ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ? በደህና የሠራባቸውን ቀኖችም አልጻፍሁም። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ሙከራ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። ማሽኑ ደህና በዋለባቸው ቀኖች ሁሉ አጠገቡ የነበረችው እሷው እታለም ነበረች።

ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የሚታየኝ ሌላ ነው። በረንዳው ላይ እሷና እናቴ በአዊኛ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን እናቴ እጇን ይዛ የሆነ ነገር ስትለምናት ደረስሁ፤ እታለም አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔን ሲያዩ እናቴ ወዲያው በአማርኛ ስለ ድንች ማውራት ጀመረች። ወይ ጉድ አልሁ በልቤ፣ ሴትዮዋ እናቴንም አሳምናታለች፤ ማሽኑ ተጥሎ ወደ ሳፋው እንዲመለሱ ነው ሴራው። ለባለቤቴ ይህንኑ ስነግራት "አሥራ አንድ ዓመት!" ብቻ አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ቺንጋው ከጠበቀ በኋላ ማሽኑ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ አልቆመም። ማክሰኞም ዓርብም እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም አፌን ሞልቼ መምህራን ክፍል ውስጥ አወራሁት፤ ወንፊቱን፣ ውኃልኩን፣ ክሩን፣ ሁሉንም። አንዱ መምህር "ጡረታ ስትወጣ ጋራዥ ክፈት" አለኝ። ደስ አለኝ። በልቤ ግን ለዚህ ደስታዬ ሌላም ምክንያት ነበር፤ ሴትዮዋ እንደነቃሁባት ገብቷት ተወችው ብዬ ነው።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ባዶ ነበረኝና ሳልነግራቸው ቤት መጣሁ። እናቴ የለችም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ማሽኑ ልብሱ ውስጡ ተከቷል፣ አልተነሣም። ሶኬቱን አየሁት። ባዶ ነው። ስፒናው ወለሉ ላይ ወድቋል፣ አዳፕተሩ የለም።

"አዳፕተሩስ?" አልሁ።

እታለም እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እኔ አልወሰድሁም።"

"ማን ወሰደው ታዲያ?"

ዝም።

"እታለም፣ ማን ወሰደው ነው የምልሽ።"

እንደ ሁልጊዜው መሬት መሬት ታያለች። ደሜ ፈላ። የውጭው በር ሥር ፌስታሏ ተቀምጧል፤ ቋጥራ አዘጋጅታዋለች፤ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ሄጄ አነሣሁት። ጎረቤታችን በራሷ በር ላይ ቆማ እህል ታበጥራለች፤ እያየችን እንደሆነ አውቃለሁ። ፌስታሉን ፈታሁት።

ታጥቦ የታጠፈ ነጠላ። በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ ዳቦ። ሁለት ጧፍ።

ጧፎቹን በእጄ ይዤ ገለባበጥኋቸው። አዳፕተር አይደሉም። መልሼ ከተትሁ። ነጠላውን እኔ እንዳልነበረ አድርጌዋለሁና እሷ ተቀበለችኝ፣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንደገና ጠርዝ በጠርዝ አጠፈችው። አልቸኮለችም። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር" ብላ ወጣች። ጎረቤታችን ሰፌዷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት አላመነችኝም። "ፌስታሏን በረበርህ? ሰው እያየህ?" አለች። "አዳፕተሩ ጠፍቷል እኮ" አልሁ። በዚያ ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው ያደረችው። የጎረቤታችን ቤት እሷን ዳግመኛ እንደማይጠራት ነጋሪ አላስፈለገኝም። የሰው ፌስታል በር ላይ ከተፈታ ምን ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተፈታ ነው የሚባለው።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ስወጣ አዳፕተሩ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል።

ዓይኔን አሸሁ። ነቀልሁት። ያው የእኔው ነው። በሁለቱ እግሮቹ መካከል አንድ ነጭ የጥጥ ክር ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ አጥሩን ነው ዞሬ ያየሁት። ያች የሃምሳ ዓመት ሴት በሌሊት አጥር ዘላ መልሳው ይሆን ብዬ የባሕር ዛፍ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀነቅሁ። አንድም አልላላም። ፌስታሏን ስፈታ አዳፕተሩ እዚያ አልነበረም። እሷም ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ማክሰኞ እታለም ቀረች። ልብሱን ራሴ ከትቼ፣ የዱቄት ሳሙናውን ጨምሬ፣ ማሽኑን አስነሥቼ "ደህና ዋዪ እማዬ" ብዬ ወጣሁ። የውጭውን በር ድም አድርጌ ዘጋሁ። ከዚያ በጎን በኩል ዞሬ ዕቃ ቤት ገባሁና ከድንች ጆንያዎቹ ኋላ ቆምሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ መምህር፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ ከድንች ኋላ።

እናቴ በምርኩዟ ወጣች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ማሽኑ ውሃ ሲሞላ አዳመጠች። መዞር ሲጀምር ተነሣች። አማተበች። ሶኬቱ ጋ ሄዳ ስፒናውን ነቀለችው። ማሽኑ ቀስ እያለ ቆመ። ክዳኑን ፈረስ እንደሚያረጋጋ ሰው መታ መታ አደረገችውና "አረፍ በል አንተም፣ ልደታ ናት" አለችው።

ወጣሁ። አልደነገጠችም። "ትምህርት ቤት አልሄድህም?" አለች።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ዛሬ ልደታ ናት።"

"ያለፈው ዓርብስ?"

"መድኃኔዓለም። ከዚያ በፊት ባለወልድ። ከዚያ በፊት ገብርኤል፣ ከዚያ በፊት ሚካኤል።" ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። "መጀመሪያው ሥላሴ ነበር፣ ከዚያ ማርያም።"

ደብተሬን አወጣሁ፤ ከክፍሏ ግድግዳ ላይ ካለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየሁት። ሰባት፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዘጠኝ። ማሽኑ ድንቅ ሆኖ የዋለበት ያ ወር፣ እኔ በቺንጋዬ የፎከርሁበት፣ ማክሰኞውም ዓርቡም ከበዓል ጋር ሳይገጥም ነው እስከ ሃያ ሰባት የደረሰው። በየቀኑ ሰሌዳ ላይ ቀን እጽፋለሁ፤ የማን ቀን እንደሆነ ግን ከልጅነቴ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።

"ማሽን እኮ ነው፣ እማዬ" አልሁ። "ብረት ነው። ብረት ምን በዓል አለው?"

"ብረቱን ማን ይጫነዋል? እሷ ናት" አለች። "ድሮ ቀኑ ሲሆን አይመቸኝም ብላ ትቀር ነበር። አንተ ቀን ማቀያየር የለም አልሃት። ምን ትበልህ? እምቢ ካለች እንጀራዋ ነው። እኔ ግን ብነቅልብህ እናትህ ነኝ፣ ምን ታደርገኛለህ? ነቀልሁላት፤ ከመምጣትህ በፊት መልሼ እሰካዋለሁ። ልብስ ተነክሮ ቢያድር አይሞትም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። የገጠር ነገር ነው ብለህ ሳቅህ።"

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና "እሷስ? ምነው ዛሬ አልመጣች? አመማት እንዴ?" አለችኝ።

ነገርኋት። ፌስታሉን፣ ነጠላውን፣ ጎረቤታችንን፣ ሁሉንም። እየነገርኋት ሳለ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። አንደኛው ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ የቀረ ጭምድድ አለ። "ያን መሰኪያህን እዚህ ቋጥሬው ነው ቅዳሴ የሄድሁ" አለች። "ትቼው ብሄድ መጥተህ ትሰካዋለህ ብዬ። እኔ እዚያ ቆሜ ለልጆችህ ጤና ስለምን፣ አንተ እዚህ የእሷን ፌስታል ትፈታለህ።" ከዚያ አለቀሰች። እናቴ አባቴን ስንቀብር እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰችም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ሄድሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አይደለም፤ መሬት መሬት እያየሁ ነው። አዳፕተሩን የወሰደችው እናቴ እንደሆነች፣ ሴትዮዋ ምንም እንዳልነካች ነገርኋት። "እኔማ ምን አልሁ?" አለች ጎረቤቴ። አዲስ ልብስ አጣቢ ግን በጓሮዋ ጎንበስ ብላ ታጥባለች፤ ወጣት ናት፤ ዓይቼ ወጣሁ።

እታለም የምትኖረው በጫግኒ መውጫ በኩል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቤቷን አይቼው አላውቅም፤ እናቴ ናት አቅጣጫውን ለባጃጁ ሾፌር የነገረችው። ደጇ ላይ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች። ሥራ ሳትሠራ፣ እጇ ባዶ ሆኖ ሳያት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ጣቶቿ በውሃ ብዛት ጫፍ ጫፋቸው ተሰነጣጥቋል። ስታየኝ ተነሣች።

"ይግቡ፣ መምህር።"

"አልገባም። ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። እናቴ ነግራኛለች።"

"ተቆጧቸው?"

"አልተቆጣሁም።"

"ደህና" አለች፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። "እንዳይቆጧቸው ብዬ ነው ዝም ያልሁ። አዛውንት ናቸው፣ ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት። ተይ ብዬ ስንቴ ለመንኋቸው።"

"ፌስታሉን ስፈታ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አልሁ። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ሊል ምንም አልቀረው፤ ጥፋተኛ ሆኜ እንኳ መርማሪ ነኝ።

"ልናገር ነበር" አለች። "ከዚያ ጧፉን ሲያወጡት አየሁዎት። እንግዲህ ቀኑ ትዝ ይልዎታል፣ አሁን ይገባዎታል ብዬ ጠበቅሁ። አገላብጠው መለሱት።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ጎረቤቴ ጋ ሄጄ እንደተናገርሁ ነገርኋት፤ አዲሷን ልጅ ግን አልደበቅኋትም። ራሷን ነቀነቀች። "ተመለሽ፤ ቀኑን አንቺ ትመርጫለሽ" አልኋት።

"ይቅር ብያለሁ፣ መምህር። ከልቤ ነው" አለች። "ቤትዎ ግን አልመጣም። በዚያ በር ስገባ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።"

ልሄድ ስዞር ጠራችኝ። "የእናትዎን ጋቢ ግን ያምጡልኝ። እሳቸው ማሽኑ ጋቢያቸውን ሲያዞረው ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ነግረውኛል። እሱን እዚሁ በእጄ አጥበዋለሁ።"

አሁን ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። አይቆምም። ቀን መቁጠሪያውን አይቼ አስነሣዋለሁ፣ ራሴ አሰጣለሁ፣ ጎረቤቶቼ በአጥር እያዩ ይስቁብኛል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ የእናቴን ጋቢ በፌስታል አድርጌ በባጃጅ ወደ ጫግኒ መውጫ እሄዳለሁ። እታለም ከደጇ ተነሥታ ትቀበለኛለች፤ የእናቴን ጤና ትጠይቀኛለች። ያመጣሁላትን ፌስታል ውስጡን ሳታይ ወደ ቤት ታስገባዋለች።